ቆላ ነው፣ ይሞቃል

በእኛ ከተማ አሮጌ መኪና የሚመረመረው በአፍ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ያነሳል፤ አንገቱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ ምስጢር እንደሚነገረው ሰው ያዳምጣል፤ ጎማውን በጫማው ጫፍ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ምንም ያልነካ እጅ ለምን እንደሚጠረግ አላውቅም። ጠርጎ ሲጨርስ ይምላል። መሐላው ከወጣ በኋላ «ቆይ፣ እንደገና እንየው» የሚል ገዢ ባለጌ ነው፤ ሰውየውን በፊቱ ውሸታም ብሎታልና። በዚህ ምክንያት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ብዙ ሰው በጨዋነቱ የማትሄድ መኪና ባለቤት ሆኗል።

ይህን የምጽፈው ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ።

ባሌ ባለ ወፍጮ ነበር። እኔ ጡረታ እስክወጣ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወፍጮ ቤቱ ገብቼ ለሞተሩ ውሃ የምጨምረው፣ ዘይቱን የምለካው እኔ ነኝ። እሱ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ማስኬድ አልቻልኩምና ወፍጮውን ሸጥኩ። ያ ገንዘብ የተወልኝ ሁሉ ነው፤ ከዚያ ሌላ የምሸጠው የለኝም። ያሰብኩት አንዲት ፒክአፕ ገዝቼ፣ በመስኖው ዳር የምናመርተውን ሽንኩርት ራሳችን ወደ ደጋ ገበያ እንድናወጣ ነበር። የጭነት መኪና ያላቸው ሰዎች ሽንኩርቱ በጆንያው ውስጥ እስኪበቅል ያስጠብቁናል፤ ከዚያ የበቀለ ሽንኩርት አንጭንም ይሉናል። የባሌ ታናሽ ወንድም ሊነዳት፣ እሱም እኔም በእሷ ገቢ ልናድር ተስማማን። መኪናዋ የማትረባ ከሆነች ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንቀራለን።

መኪናዋን እንዲያይልን የጠራነው መካኒክ የባሌ ወዳጅ ነው። የወፍጮውን ሞተር የሚጠግነው እሱ ነበር፤ ቤታችን ምሳ ያልበላበት ሳምንት አልነበረም። በለቅሶው ቀን ከሁሉ በላይ ጮኾ ያለቀሰውም እሱ ነው፤ ሁለት ሰው ደግፎ አስወጣው። ያን ቀን ልቤን ነክቶት ነበር። ዛሬ የምመሰክርለት ድምፅ ማውጣት እንደሚችልበት ብቻ ነው።

እኛ ስንደርስ ፒክአፗ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብላ ኒም ዛፍ ሥር ቆማለች። ነጭ ናት፤ ታጥባለች፤ ጎማዎቿ ጥቁር ተቀብተዋል። የዓመቱ ቦሎ መስታወቷ ላይ ተለጥፏል፤ የሚያሻሽጣት ደላላ ሰላምታ የሰጠን ጣቱን እሱ ላይ አኑሮ ነው። ሦስቱ ወንዶች፣ ደላላው፣ መካኒኩና የባሌ ወንድም፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ዝናብ ተጠያየቁና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ክብ ሠሩ። ገንዘቡ የኔ መሆኑን ከሦስቱ የማያውቅ የለም።

እኔ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። አቃጠለኝ።

ባሌ ያገለገለ ሞተር ሊገዛ ሲሄድ ሁልጊዜ ማለዳ፣ ባለቤቱ ሳይዘጋጅ ነበር የሚደርሰው። ሞተር አመሉን የሚያሳየው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ነው ይል ነበር። አሙቀው ከጠበቁህ ጭሱንም ማንገራገሩንም ቀድመው ጨርሰውልሃል።

«ስትሠራ ነው እንዴ ያደረችው?» አልኩ።

«ኧረ እትዬ» አለ ደላላው፤ «ከትናንት ጀምሮ ከዚህች ጥላ አልወጣችም።»

«ታዲያ ለምን ሞቀች?»

ደላላው መካኒኩን አየው። መካኒኩ በጠዋቱ የያዘውን ጫት ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛውሮ ሳቀ። «እህቴ፣ ቆላ ነው፣ ይሞቃል። እኔንም ብትነኪኝ እሞቃለሁ።»

ደላላው ሳቀ። የባሌ ወንድም አልሳቀም፤ መሬት መሬት አየ። ከመሳቅ የሚሻል አልነበረም።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። መካኒኩ አዳመጠ፤ ጎማ መታ። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አወጣና፣ እኛ ከማየታችን በፊት በጨርቁ ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ አሳየን። «ንጹሕ» አለ። በእርግጥም ብረቱ ንጹሕ ነበር። የራዲያተሩን ክዳን ክፈትልኝ አልኩት።

«በዚህ ሙቀት ከከፈትኩት ፊቴን ይልጠዋል።»

«እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃ።»

«ቆላ ነው እያልኩሽ? መቼ ሊቀዘቅዝ?»

ለሙከራ ወደ ጀውሃ ነዷት። በሮቢት መኪና የሚሞከረው ምንጊዜም ወደ ጀውሃ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ በሜዳ ጋሪም ይበራል። እኔን «እትዬ ጥላው ሥር ይረፉ» ብለው ትተውኝ ሄዱ። እንደ ዕቃ ጠባቂ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሲመለሱ ጀውሃ ላይ ሻይ ጠጥተው፣ ጥብስ በልተው ነው፤ የመኪናዋ ሳይሆን የምግብ ቤቱ ምርመራ በደንብ እንደተካሄደ ከከንፈራቸው ታወቀ። መካኒኩ በሩን ዘግቶ ፊቴ ቆመና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«የወዳጄ አጥንት ይፋረደኝ» አለ። «ለራሴ ቢሆን ዛሬውኑ እገዛት ነበር። በእሱ አጥንት።»

ወዳጄ ያለው ባሌን ነው። ሸሆቻችን በአላህ እንጂ በሙት አይማልም ይሉናል። ሰዉ ግን በሐሰት በአላህ መማል ትንሽ ያስፈራዋል፤ ሙት አይቆጣም፣ ተነስቶም አይመሰክርም። ደላላው ነገሩ እንዳለቀ ቆጥሮ ሊብሬውን ከኪሱ አወጣ። የባሌ ወንድምም በእፎይታ ተነፈሰ።

የእኔ ልብ ግን የቀረው መሐላው ላይ አልነበረም። ቆላ ነው፣ ይሞቃል የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ከዚሁ ሰው አፍ።

ባሌን ትኩሳት ሲጀምረው መካኒኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «ወባ ናት። ቆላ አይደል? ሰው ይሞቃል» ብሎት ነበር። ጎረቤቱም ያንኑ አለ። እኔም አልኩ። በዚህ አገር ለሞቀ ነገር ሁሉ ምክንያቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ደሙ ሳይታይ የወባ ኪኒን ገዝተን አስዋጥነው፤ ትኩሳቱ በረድ ሲል አልሐምዱሊላህ አልን፤ ሲመለስ ሌላ ኪኒን ገዛን። ልጆችን ያላያችሁትን አትመስክሩ እያልኩ ያረጀሁ አስተማሪ ነኝ። ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ልናወጣው የተነሳነው ሰውነቱ አልቆ፣ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ነው። ደብረ ሲና ላይ የያዘን መኪና ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ነበር። ጉም ወርዷል፤ በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ጋቢ ተከናንቧል። እጄን ግንባሩ ላይ አኖርኩ። እዚያ ብርድ ውስጥ እንደ ምድጃ ይነድዳል። ቆላው ከበታቻችን ቀርቶ ትኩሳቱ አብሮን ወጥቷል። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሐኪሞቹ ጉበቱ ነው አሉ፤ ዘግይታችኋልም አሉ። በሳምንቱ አስከሬኑን ይዘን ወረድን።

«ወደ ደብረ ሲና እንውጣና ልያት» አልኩ።

ሦስቱም ከሊብሬው ቀና አሉ። ቀድሞ የተናገረው ደላላው ነው። «እትዬ፣ ዳገት ምን ያደርግልዎታል? መኪናዋ ያለችው ሮቢት፣ እርስዎ ያሉት ሮቢት።»

«ሽንኩርቱ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብዬ የባሌን ወንድም ጠየቅሁት።

«ወደ ላይ» አለ ቀስ ብሎ።

«እህቴ» አለ መካኒኩ፤ «እኔ ምዬልሻለሁ እኮ።»

«ሰምቼሃለሁ። ዳገቱም ይማልልኝ።»

የባሌ ወንድም ክንዴን ይዞ ፈቀቅ አደረገኝ። «እትዬ፣ ሰው በሟች ምሎ እንዲህ ይባላል? ነገ ከተማው ምን ይለናል?»

«ከተማው ያለውን ሰምተን ነው ወንድምህን የቀበርነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ አልተከራከረኝም።

ወጣን። ደላላው ይነዳል፤ እኔ አጠገቡ ጋቢና ውስጥ፣ ሁለቱ ከኋላው ወንበር። ከከተማው ሳንወጣ እግሬን የሚልስ ትኩስ ነፋስ ተሰማኝ። ደላላው የመኪናዋን ማሞቂያ ከፍቷል። ረፋድ ላይ፣ በሮቢት ፀሐይ፣ አራት ሰው በላብ ተነክሮ፣ ማሞቂያ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አየር እንዲዘዋወር ነው፣ እትዬ።»

የባሌ ወንድም በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ማሞቂያው ሲከፈት ከሞተሩ ጥቂት ሙቀት ይወስዳል፤ የሙቀቱ መርፌም ቶሎ ወደ ቀዩ አይሄድም። ሞተሩ እንዳይታማ እኛ እንቀቀል ማለት ነው። መካኒኩ ከኋላ ላቡን በዚያው የዘይት ጨርቅ እየጠረገ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በቆላ ማሞቂያ ተከፍቶበት ለምን ብሎ የማይጠይቅ ሰው ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ነው።

የአርማኒያን መንደር ስናልፍ ዳገቱ ጠና። ደላላው መርፌውን እንዳላይ ትከሻውን ወደ እኔ አዞረ፤ ማርሽ ሲቀንስ መኪናዋ ታቃስታለች። የደብረ ሲና ቤቶች ከላይ ሲታዩ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ብድግ አለ። ጉልበቷ ከዳት፤ ጥግ ይዛ ቆመች።

ወረድን። ጉሙ እንደዚያኛው ቀን ነበር። ብርዱ የላብ ልብሴን ከጀርባዬ ጋር አጣበቀው። እጄን ወደ ኮፈኑ ሰደድኩ፤ ገና ሳልነካው ሙቀቱ ገረፈኝ።

«እዚህስ ቆላ ነው?» አልኩት መካኒኩን።

ወደ ኮፈኑ ዞረ። እስኪቀዘቅዝ ብዙ ቆየን። የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት ውሃው ላይ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ነገር ተንሳፍፏል። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው፣ በሁለት ጣቶቹ አሸው። «ጋርኒሲዮኗ ተቃጥሏል» አለ፤ ውሃና ዘይትን የሚለየውን ማሸጊያ ማለቱ ነው። «ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል። የሞተሯ ራስ፣ ቴስታዋም ሳትሰነጠቅ አትቀርም።» ይህን ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

የናቅሁት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራውን የማያውቅ ሰው ይሆናል እያልኩ በልቤ መውጫ እተውለት ነበር። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ያን መለኪያ ሲጠርግ ምን እየጠረገ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ደላላው አሁንም አልተሸነፈም። «ትንሽ ነገር ናት፣ እትዬ፤ እሱው ይሠራልዎታል፤ ከዋጋው ላይ እናስተካክላለን» እያለ በእንፋሎቱ ውስጥ ይንጎራደዳል። የተቀቀለ ዕቃ ይዞ ገበያ ላይ የቆመ ይመስል ነበር።

መካኒኩ ወደ እኔ ቀረበ። «ሟች ቢኖር በሰው ፊት እንዲህ አያዋርደኝም ነበር» አለኝ።

«ሟች ቢኖር አትምልበትም ነበር።»

ነጠላዬን አጣፍቼ በእግሬ ወደ ደብረ ሲና ወጣሁ። የባሌ ወንድም ተከተለኝ።

በሮቢት የተወራው ስለ ጋርኒሲዮኑ አይደለም። የተወራው የሰው መሐላ ስለ ረገጠችው፣ የሟች ባሏን ወዳጅ በአደባባይ ስላሳፈረችው መምህርት፣ ስለ እኔ ነው። ሴቶቹ ሳይቀሩ «ትንሽ አበዛሽው» አሉኝ። ፒክአፗ ወር ሳይሞላ ከማጀቴ ከተማ ለመጣ አንድ የማሾ ነጋዴ ተሸጠች፤ መካኒኩ ይህን ጊዜ የማለው በነጋዴው አባት አጥንት ነው አሉ። ገንዘቡን ሳይሰጥ ደርሼ ያየሁትን ነገርኩት። በትሕትና አዳምጦኝ ሲያበቃ «እትዬ፣ ሰው ከማለልኝ በኋላ እንዴት ብዬ?» አለኝ። በመጀመሪያው የሽንኩርት ወቅት መኪናዋ ጋራዥ በር ላይ ቆማ አየኋት፤ ጎማዋ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር። ጠጋኙ ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልገኝም።

እኔ ገና አልገዛሁም። የወፍጮው ገንዘብ እንዳለ ነው፤ ሽንኩርቱን በሰው መኪና ለምኜ አወጣለሁ። መኪና አለ የሚል ሰው ሲመጣ ማለዳ እመጣለሁ፣ ዳገት እንወጣለን እለዋለሁ። አብዛኞቹ ተመልሰው አይመጡም።

ያን ቀን ግን ከደብረ ሲና የወረድነው በሚኒባስ ነው። የባሌ ወንድም በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ከሮቢት ከወጣን ጀምሮ ቀና ብሎ ፊቴን አላየም። ፒክአፗን መንገድ ዳር ቆማ ስናልፋት ኮፈኗ ተከፍቶ ደላላው ውሃ ያፈስባት ነበር፤ መካኒኩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫቱን ይቀጥፋል። ሁለታችንም ዞር ብለን አላየናቸውም። አርማኒያን አልፈን ሙቀቱ በመስኮቱ መግባት ሲጀምር የባሌ ወንድም ኮቱን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው።

«እትዬ» አለ።

«አቤት።»

«ያን ጊዜ ወንድሜን ቶሎ ብናወጣው ኖሮስ?»

ለዚህም በአገሩ የተዘጋጀ መልስ አለ። ቀኑ ደርሶ ነው፤ የአላህ ውሳኔ፣ ቀደር ነው። ቀደርን አምናለሁ። ኪኒኑን የገዛነው ግን እኛ ነን።

«አላውቅም» አልኩት። «አላስመረመርነውማ።»