ሐበሻ ያሠራው መስኮት

ጥር 14 ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን። ለአንዲት ሕንዳዊት ሙሽራ የሐር ሳሪ ንድፍ እየሠራሁ ነበር። አረጋዊት እናቴ ከጓዳ ሆና «አገሬ ጎንደር መቼ ነው የምትወስጂኝ?» አለችኝ። «ሥራዬን ልጨርስ» አልኋት፣ እንደ ወትሮው።

የሐሩን ጥቅልል ስፈታ ሽታው ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ። ያኔ እናቴ ለሙሽራዋ አያት ልብስ ትሰፋ ነበር። አሮጊቷ የሠርጋቸውን ሳሪ ዘርግተው፣ ጠርዙ ላይ የተሸመነውን የመስኮት ምስል አሳዩን፤ መስኮቱ ከድንጋይ የተፈለፈለ ዛፍ ነው፣ ቅርንጫፉ እንደ ዳንቴል የተጠላለፈ።

«ያ ሐበሺያ! ይህ መስኮት ያለበትን መስጊድ አገሬ ሕንድ ላይ ያሠራው የአንቺ ወገን ነው። አንቺ ግን ጠርዝ እንኳ አጣምመሽ ትሰፊያለሽ!» ብለው በዐረብኛ ቀለዱባት።

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ግን «አገሩ ተመለሰ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም፣ እዚያው ተቀበረ።»

«እንግዲያ መስኮቱ ምን አደረገለት?» አለች፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል። እኔ ቅርንጫፎቹን በጣቴ እየተከተልሁ፣ እንዲህ ባማረ ነገር ለምን እንደምታዝን አልገባኝም ነበር።

ጥር 14 ሲመሽ እናቴ ስለ ጎንደር ደግማ እንድትጠይቀኝ ጠበቅሁ፤ አልጠየቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት ወሰንሁ፦ ንድፉ ባለበት ይቆያል፤ እናቴና እኔ ሐሙስ በገላባት ድንበር በኩል ወደ ጎንደር እንሄዳለን።