ድንጋይ የሚያውቀው ውሻ

ይህ ነገር የደረሰብን አምና ከፋሲካ በኋላ ነው። ውሻ ልንመርጥ በሰላም ከቤት ወጥተን እናቴን ይዘን ሆስፒታል ገባን። ሰው ሲጠይቀኝ «ወድቃ ነው» ብቻ እላለሁ። ዛሬ ግን እንዳለ ላውጣውና ይቅለለኝ።

የምንኖረው እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ያኔ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችን ማህሌትና እማዬ ነበርን። ማህሌት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። «ውሻ ግዙልኝ» እያለች ቤቱን ካመሰችው ቆይቶ ነበር። እማዬ ደግሞ የውሻ ነገር አይሆንላትም ነበር። ልጅ ሳለች ውሻ ነክሷት ሆዷ ላይ የተወጋችውን መርፌ እያነሳች «እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» ትል ነበር። አስምም ነበረባት፤ ፀጉሩን የሚያረግፍ እንስሳ ቤታችን ውስጥ አይታሰብም።

ማህሌት ግን መች ትተዋለች! ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ፑድል ከሚባለው ዝርያ ጋር የተዳቀሉ ትልልቅ ውሾች አገኘች። ፀጉራቸው እንደ በግ የተጠቀለለ ነው፤ ብዙም አይረግፍም አሉ። አንዱ በርኒዱድል ይባላል፣ ሌላው ኒውፊፑ። ፎቶውን ስታሳየኝ «ይሄ ውሻ ነው ጥጃ?» አልኳት።

«ማሚ፣ በጣም ጀንትል ናቸው እኮ!»

እሷ ግዙፉን ኒውፊፑ ፈለገች፤ እኔ ከመጣ አይቀር ትንሽ ያነሰው በርኒዱድል ይሻላል አልኩ። ስንጨቃጨቅ ከረምን። በመጨረሻ የተሸነፈችው እማዬ ናት። ለልጅ ልጇ አንጀቷ አይችልም። «የምጸልይበት ክፍል አይግባ እንጂ ግዙላት፣ ምን ላድርግ» አለች።

እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት የምታሳድግ ሴትዮ ተገኘች። ሌላ ስቴት ልትገባ ስለሆነ አንዱን ለሰው መስጠት ትፈልጋለች። ቅዳሜ ቀን ሄድን። ባለቤቴ ሥራ ነበር፤ እማዬን ብቻዋን ላለመተው ይዘናት ሄድን። ስንደርስ «መኪና ውስጥ ቆዪ» ብላት «ልጄ የምትወስደውን አይቼ ልመርቅላት እንጂ!» ብላ ወረደች። ምነው በሩን በቆለፍኩት።

ሴትዮዋ በጓሮ በኩል አስገባችን። ኒውፊፑው ጥቁር ነው፤ ግዝፈቱ ያስደነግጣል። ገና ሲያየን ጭራውን እየቆላ መጣ። በርኒዱድሉ ግን አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ከሩቅ ያየናል። ከሌላ ሰው የተቀበለችው እንደሆነና ሰው ቶሎ እንደማይለምድ ነገረችን።

ጥቁሩ ወደ እማዬ ሲጠጋ ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችውን አደረገች። ድንጋይ ልታነሳ ጎንበስ አለች።

አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ድንጋዩ ባይኖርም ግድ የለም፤ ጎንበስ ካልክ ውሻው ጭራውን እግሩ መሀል ከቶ ይፈረጥጣል። ይሄኛው ግን ድንጋይ የት ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ጎንበስ ብሎ ኳስ የሚወረውርለት ሰው ነው። በደስታ ዘሎ ትከሻዋ ላይ ተከመረባት። እማዬ ጡቡ ላይ በጎኗ ወደቀች። አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት።

«ወይኔ እናቴን!» ብዬ ጮህኩ። ውሻው ጨዋታ መስሎት ፊቷን ይልሳታል። ሴትዮዋ ጎትታ ቤት ዘጋችበት፤ ማህሌት እያለቀሰች 911 ኮል አደረገች።

አምቡላንሱን ስንጠብቅ እማዬ ተጋድማ ወደ በረንዳው ሥር ታያለች። እኔም አየሁ። በርኒዱድሉ እማዬ ጎንበስ ስትል ሮጦ እዚያ ገብቷል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሽንቱንም ለቆታል።

«ይሄን ምስኪን ውሻ፣ ሰው ደብድቦታል» አለችኝ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ። «ድንጋይ ያውቃል።»

ዳሌዋ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሆነች። እኔ ሴትዮዋን እከሳለሁ፣ ጥቁሩንም አስወግዳለሁ ብዬ ስፎክር እማዬ ተቆጣችኝ። «እሱ ምን አጠፋ? ሊጫወት ነው የመጣው። ይልቅ ያንን ፈሪውን አምጡት፤ እንደዚያ እየሆነ አይኑር።» መድኃኒቱ ነው የሚያስለፈልፋት ብዬ ችላ አልኩ። ማህሌት ግን የአያቷን ቃል ያዘች፤ አባቷን ይዛ ሄዳ ፈሪውን ውሻ አመጣችው።

እማዬ ቤት ስትመለስ ከአልጋ አልተነሳችም። ውሻው ክፍሏ ደጃፍ ላይ ይተኛል፤ ወደ ውስጥ አይገባም፤ እሷም አትጠራውም። «እኔም እፈራዋለሁ፣ እሱም ይፈራኛል፤ ተስማምተን እንኖራለን» እያለች ትስቅ ነበር። አልኖረችም። ከመተኛት ብዛት ሳንባዋ ተያዘ፤ አስሙ ታከለበትና ክረምቱ ሳይመጣ አረፈች።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ ውሻ እንደጣላት ከማህሌት ሰምቶ፣ ይሄኛው መስሎት ውሻውን በክፉ ዓይን አየው። «አሁንም እቤት አስቀመጣችሁት?» ያሉኝ አሉ። እውነት ለመናገር እኔም ማየት አስጠልቶኝ ነበር። እሱ ምንም እንዳላደረገ እያወቅሁ፣ ሳየው ያ ጓሮ ይመጣብኛል። ላባርረው ወስኜ ነበር።

ሰው ተሸኝቶ ቤቱ ጭር ሲል አልጋዋን ሳነሳ ነጠላዋ መሬት ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ውሻው ከደጃፉ ተስፈንጥሮ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እንደዚያን ቀን ይንቀጠቀጣል። «አይዞህ፣ ድንጋይ አይደለም፤ የእማዬ ነጠላ ነው» አልኩት፣ ሰው ይመስል በአማርኛ። ማባረሩ እዚያው ቀረ።

ዛሬም ከእኛ ጋር አለ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ማህሌት «ይለምዳል» ትላለች፤ እኔ እንጃ። ጫማዬን ሳስር ቁጭ ብዬ ነው፤ የወደቀ ማንኪያ ሳነሳም መጀመሪያ ባዶ እጄን አሳየዋለሁ። አንዳንዴ እረሳና ጎንበስ እላለሁ። ያኔ ጠረጴዛው ሥር ይገባል፤ እኔም እስኪወጣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። እናቴን ደህና አድርጌ የማለቅሳት ያኔ ነው።