ከባሕር የመጣው ጀሪካን

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ ትልቅ ባለመስመር ወረቀት ለአራት ወር ያህል ተለጥፎ ቆይቷል። እኔ አራት ወር ስል ባለቤቴ ሦስት ትላለች። አልከራከራትም፤ በዚያ ጊዜ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ የገዛ ትዝታዬን ያለ ምስክር አለማመን ነውና። በወረቀቱ ራስጌ «ጅቡቲ፤ ኮራል፤ ሁለት ሰው» የሚል ተጽፎበት ነበር። ከሥሩ አምስት ቀኖች በየሰዓታቸው ተከፋፍለው ተሰምረዋል።

የምሠራው እዚሁ አቃቂ፣ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የጥገና ሥራ አቅዳለሁ። ፋብሪካው በዓመት አንድ ጊዜ ለጥገና ሲቆም ዕቅዱን የማወጣው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ምድጃው ዳግም የሚቀጣጠልበትን ሰዓት ከታች እጽፋለሁ፤ ከዚያ በፊት ምን ማለቅ እንዳለበት፣ ከዚያም በፊት ምን መጀመር እንዳለበት እያልኩ ወደ ላይ እወጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ ካስተማረኝ ብዙው ተረስቶኛል፤ ይህ ልማድ ግን እጄ ላይ ቀርቷል። የባሕሩንም ጉዞ ያቀድኩት በዚሁ መንገድ ነበር። የመጀመሪያው የጻፍኩት መስመር የመጨረሻው ነው፦ «ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ፊርማ።» ባለቤቴ በጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። በዚያ ሰዓት መዝገቡ ላይ መፈረም አለባት።

ባሕር ጠልቆ ኮራሉን፣ ውኃ ሥር እንደ አትክልት የሚያድገውን ባለቀለም ድንጋይ፣ ማየት የእሷ ሐሳብ ነው። ከተጋባን ወዲህ ሦስት ጊዜ አቅደን ሦስት ጊዜ ቀርቷል፤ አንዴ በእኔ ሥራ፣ አንዴ በልጃችን ሕመም፣ ሦስተኛውን ምክንያት ሁለታችንም አናስታውሰውም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የታጠበ ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ ድምፅዋንም ሳትለውጥ እንዲህ አለችኝ፦

«የእኔ ፈቃድና ከፋብሪካችሁ ጥገና በኋላ የምታገኘው ዕረፍት ዘንድሮ ገጥመዋል። ከረቡዕ እስከ እሑድ፣ አምስት ቀን። ይኼም ከቀረ ግን ሁለተኛ አላነሣውም።»

ይህች ሴት ያለችውን ታደርጋለች። ከዓመታት በፊት ሻይዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ ነገረችኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስኳር ስትነካ አላየሁም። ስለዚህ ያስፈራኝ ባሕሩን ሳናይ መቅረታችን አልነበረም። ያስፈራኝ መጠየቅ ማቆሟ ነበር።

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ የውኃ ፓምፕ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ፤ መርከብ ሥር ገብተው ብሎን ያጠብቁ ነበር። ኋላ ኑሮአቸው ወደ ጉድጓድ ውኃ ዞረ። ሰፈሩ ሁሉ ባሻ ይላቸዋል። ጅቡቲ ውስጥ የተመዘገብንበት የጠላቂዎች ትምህርት ቤት ጀማሪ ሰው ሐሙስንና ዓርብን በገንዳ ተለማምዶ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ባሕር ውስጥ አራት ጊዜ እንደሚጠልቅ ጽፎልን ስለነበር፣ እንዳናፍር ብለን ባሻን አስቀድመው እንዲያለማምዱን ለመንናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሪስ ወደሚገኝ የአንድ ሆቴል ገንዳ ይዘውን ይሄዱ ጀመር። የአየር ሲሊንደር አልነበረንም። መነጽር፣ የአፍ መተንፈሻ ቱቦና የባሻ ድምፅ ብቻ ነበር ያለን።

ባለቤቴ በሁለተኛው ቅዳሜ ገንዳው ወለል ላይ ተቀምጣ እጇን ታውለበልብልን ነበር። እኔን ያሸነፈኝ አንዲት ልምምድ ናት፦ ውኃ ውስጥ ሳሉ መነጽሩን አውልቆ መልሶ ማድረግ፣ የገባውንም ውኃ በአፍንጫ እየነፉ ማስወጣት። ውኃው ፊቴን ሲነካኝ በአፍንጫዬ እስባለሁ፤ እየሳልኩም ብድግ እላለሁ።

ባሻ ከገንዳው ዳር ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ «ልጄ፣ አንቺን ውኃው ያውቅሻል» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «ኢንጂነራችን ግን ውኃውን ገና እየለካ ነው።»

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ዕቅድ ግን አንደኛ ነበርኩ። የጠለቀ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ሳያልፍ በአውሮፕላን መሳፈር እንደሌለበት ሁሉም መመሪያ ይናገራል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ የታመቀ አየር ነው። ጠላቂው በጥልቀት የሚተነፍሰው አየር በግፊት ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። በችኮላ ግፊቱ ወደሚያንስበት ከፍታ ቢወጣ፣ ቆቡ እንደተነቀለ የለስላሳ ጠርሙስ ደሙና መገጣጠሚያው ውስጥ አረፋ ይነሣል። እኔም ብልጠት አሰብኩ፦ አንበርም። በባቡር ወርደን በመኪና፣ ምድር ለምድር እንመለሳለን። ስለዚህ እሑድ ጧት ሁለቱን የመጨረሻ ጠለቃዎች አድርገን፣ እኩለ ቀን ላይ መኪና ውስጥ ገብተን፣ ሰኞ ለፊርማው እንደርሳለን። አንዲት ሰዓት እንኳ አልባከነችም። ወረቀቱን ለባሻ ወስጄ አሳየኋቸው፤ ረጅም ጊዜ አይተው እንዲህ ያለ ዕቅድ በባሕር ኃይልም አላየሁም አሉኝ። ኋላ ስጠይቃቸው፣ ለካ እሳቸው ጠልቀው በማግስቱ ደጋ ወጥተው አያውቁም፤ ፈቃድ የሚሰጣቸው ሥራው ካበቃ ከብዙ ቀን በኋላ ነበር።

የዕቅዱን ስሕተት ያወጣው የፀጉር ቅባት ነው። ባለቤቴ ከጉዞው ብዙ አስቀድማ ዕቃ መሰብሰብ ጀምራ ነበርና፣ የቅባቱን ጠርሙስ በላስቲክ እየጠቀለለች መንገድ ላይ እንዳይፈስ ክዳኑን ላጥብቀው ወይስ ላላላው ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት፣ ዓይኔ ላይ አንድ ጀሪካን መጣ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። አንድ ጊዜ ከባሕር ዳርቻው ሲመለስ ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዞ መጥቶ ግቢያችን መካከል አስቀመጠው። ጀሪካኑ ጎኑና ጎኑ አብጦ ቀጥ ብሎ አይቆምም ነበር። አባቴ ሰብስቦን ክዳኑን ፈታው፤ ፉስስ ብሎ ተነፈሰ። «ይኸውላችሁ ባሕሩ» አለን። በየተራ አፍንጫችንን አስጠጋን።

ይህ ትዝታ ነው፤ ወይም ትዝታ ይመስለኛል። አንዳንድ የልጅነት ትዕይንቶቼን በኋላ ዘመን በተማርኩት ፊዚክስ የጠጋገንኳቸው እየመሰለኝ እጠራጠራለሁ። ታላቅ እኅቴ ጋ ደወልኩ። ጀሪካኑ ሰማያዊ እንደነበር፣ ያበጠውም ፀሐይ ላይ ስለዋለ እንደሆነ ነገረችኝ። ባሕር ስለሚባል ነገር አታስታውስም። ሁለት ልጆች አንድ ግቢ ቆመው አንድ ዕቃ አይተው፣ አንዳቸው ዘንድ ባሕር ሌላኛው ዘንድ ፀሐይ ቀረ።

እንግዲህ ምስክር ያስፈልገኝ ነበር። ጎረቤታችን በከባድ መኪና ከቃሊቲ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ነው። እዚያ ወደብ ሲደርስ የአንድ ጠርሙስ ውኃ ጠጥቶ፣ ባዶውን ክዳኑን አጥብቆ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ከሳምንት በላይ ቆይቶ በራችንን አንኳኳ፤ በአንድ እጁ ጠርሙሱን እንደ ዋንጫ ይዞታል።

«አንተ ሰው፣ ሃያ ዓመት ስነዳ ባዶ ጭኜ ገብቼ አላውቅም። ይኸው በአንተ ምክንያት ባዶ ጫንኩ።»

ጠርሙሱ በጣቴ ስጫነው እንደ ኳስ ጠንካራ ነበር። የእኅቴን ፀሐይ ላለመርሳት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ቀዝቃዛው ጥላ ላይ አሳደርኩት። ጧትም እንደ ጠነከረ ነበር። ባለቤቴን ጠርቼ ፊቷ ክዳኑን ፈታሁት። ተነፈሰ። እንደ አባቴ ጀሪካን ተነፈሰ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ያንን ድምፅ መስማቴን ግን ዛሬም አልምልበትም።

ጠርሙሱን የወጠረው የእኛው ከፍታ ነበር። እኛ የአቃቂ ሰዎች ራሳችንን እንደ ከፍታ ሰው ቆጥረን አናውቅም። ከፍታ ማለት ለእኛ እንጦጦ ነው። ከላይ ሰፈር የመጣ እንግዳ ኮቱን እያወለቀ ቆላ ወረድኩ ይለናል፤ የከተማዋ ወንዝና ጎርፍ ሁሉ የሚወርደው ወደ እኛ ነው። ከዚህ በታች ምን አለ ብለን ስለምንኖር፣ ከእግራችን ሥር እስከ ባሕሩ ድረስ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ መኖሩን እኔ፣ ግፊት የምለካው ሰው፣ ወረቀቱ ላይ አላየሁትም። መኪናው መሬት አይለቅም፤ መሬቱ ራሱ ግን ይወጣል። ቤታችን ከማይወርድ አውሮፕላን አይሻልም ነበር። እሑድ ጠልቀን ሰኞ እዚህ ብንደርስ፣ እንደዚያ ጠርሙስ የምንከፈተው እኛ ነን።

እሑድ ከጠለቃ ነፃ መሆን ነበረበት። አንድ ቀን ሲወጣ ደግሞ ዕቅዱ ይፈርሳል፤ አራቱ ጠለቃዎች አንድ ቀን ውስጥ አይገቡም። እርሳሴን አስቀምጬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለአራተኛ ጊዜ ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩ። እሷም ሳታስበው አልቀረችም፤ ሄዳ ግድግዳው ፊት ቆመች።

«አንተ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ነው የምትጀምረው» አለች በኋላ። «እስቲ አንዴ ከመጀመሪያው እንየው።» ጣቷን ሐሙስና ዓርብ ላይ አሳረፈች። «ይኼ የገንዳ ልምምድ ነው። ከባሻ ጋር ሠርተነው የለም እንዴ?»

«አንቺ ሠርተሻል።»

«አንተም ትሠራለህ።»

ጅቡቲ ላለችው የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ በስልክ ጻፍንላት። መልሷ በማግሥቱ መጣ፦ ሐሙስ ጧት ሁለታችንም የገንዳውን ልምምድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ካለፍን፣ ዓርብ ሁለት ጊዜ፣ ቅዳሜ ጧት ሁለት ጊዜ ታጠልቀናለች፤ እሑድ መኪናው እስኪነሣ ከባሕሩ ዳርቻ ንቅንቅ ሳንል እንቆያለን። አንዳችን ከወደቅን ግን ሁለታችንም ወደ ዘገምተኛው መርሐ ግብር እንመለሳለን፤ ጠላቂ ያለ ጥንዱ አይወርድምና። ማን ሊወድቅ እንደሚችል መናገር አላስፈለገም። የባለቤቴ ባሕር በእኔ አፍንጫ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከጉዞው በፊት ሦስት ቅዳሜዎች ነበሩ። ሁለቱ እያሳሉኝ አለፉ። በሦስተኛው ባሻ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ እግራቸውን ገንዳው ውስጥ ሰደው ተቀመጡና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«አፍህን ዘግተህ አንጎራጉር እስቲ።»

አንጎራጎርኩ።

«አሁን እያንጎራጎርክ በአፍንጫህ ሳብ።»

ሞከርኩ፤ አይቻልም። ድምፁ እስካለ ድረስ አየሩ የሚሄደው ወደ ውጭ ብቻ ነው።

«በቃ ይኸው ነው» አሉኝ። «የሚያንጎራጉር ሰው ውኃ አይስብም። ለምን ቀደም ብዬ እንዳልነገርኩህ እንጃ፤ እኔም አርጅቼ ነው መሰለኝ።»

ወረድኩ። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መነጽሩን አወለቅሁ፤ ውኃው ዓይኔንና አፍንጫዬን ሞላ፤ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ዜማው ምን እንደነበር እኔ የአሮጌው ባቡር ድምፅ ነው እላለሁ፤ እሷ ደግሞ ውኃ ውስጥ የሰማችው የፋብሪካችንን የፈረቃ ጡሩንባ ነው ትላለች። መነጽሩን መለስኩ፣ ላዩን በጣቴ ተጫንኩ፣ አሁንም እያንጎራጎርኩ ነፋሁ፤ ውኃው በታች በኩል ወጣ። ዓለም ጠራች። መጀመሪያ ያየሁት የባለቤቴን ፊት ነው፤ ጉንጮቿ በያዘችው ትንፋሽ ተወጥረው በዓይኗ ትስቃለች። ዳግመኛ አደረግሁት። ሦስተኛም። ባሻ ከላይ ሆነው ገንዳውን በእጃቸው ጠፍ ጠፍ አደረጉት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እርሳሱን ትቼ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። እሑድ ሥር ያለውን ሰፊ ባዶ ቦታ እሷ ራሷ ሞላችው፦ «ምንም።» በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ዕቅዶች ሁሉ እንደዚያ ያለ ደፋር መስመር አላውቅም።

ልጃችንን ታላቅ እኅቴ ጋ ትተን ሄድን። ሐሙስ ጧት አሠልጣኟ ፊት አንጎራጉሬ አለፍኩ። ዓርብ ከጀልባው ጠርዝ ወደ ኋላ ተገልብጠን ወደ ኮራሉ ወረድን። ስለ ዓሦቹ ቀለም ምስክርነቴን አልሰጥም፤ እኔ ሰማያዊ ያልኩትን ባለቤቴ ሐምራዊ ትላለች። አንዱን ግን ሁለታችንም እኩል እናስታውሰዋለን፦ ቀና ብለን ስናይ፣ ጀልባዋ ከላያችን በብርሃን ላይ ተቀምጣ ነበር። ባለቤቴ እጄን ይዛ አልለቀቀችም፤ ፈርታ አይደለም፤ ወደምትፈልገው ልትጎትተኝ ነው።

እሑድ ከፀሐይ ተጠልለን ዳርቻው ላይ ምንም ሳንሠራ ተቀመጥን፤ ሰውነታችን የያዘውን አየር ቀስ ብሎ እስኪለቅ ድረስ። መኪናው ሊነሣ ሲል እሷ ከአንዲት ሱቅ ባዶ ጀሪካን ይዛ መጣች። ውኃው ዳር አፉን ከፍታ ያዘችው፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ ለእኔም ሰጥታ ዳግመኛ አስጠበቀችኝ።

ሰኞ ለፊርማዋ ደረሰች። ማታ ከሥራ ስትመለስ ጀሪካኑ ግቢያችን ውስጥ በጥላው በኩል አብጦ፣ ወደ አንድ ጎኑ ጋደል ብሎ ጠበቃት። ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ይህንን የዚያኑ ዕለት ቀኑን ጠቅሼ በወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ፤ ምስክርም አለኝ። ተቀምጣ ክዳኑን ፈታችው፤ ተነፈሰ። አፍንጫዋን አስጠጋች፤ ከዚያ ለእኔ አቀበለችኝ። ፕላስቲክ ይሸት ነበር፤ ከፕላስቲኩ ጀርባ ግን ሌላ ነገር አለ።

ቤት ገባን። ወረቀቱ አሁንም ግድግዳው ላይ ነበር፤ ከፊርማው መስመር በታች ግማሹ ባዶ ነው። ልነቅለው እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆይ» አለች። «ያ አሠልጣኟ የነገረችን ነጠብጣብ ያለበት ግዙፍ ዓሣ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው በየትኛው ወር ነው ያለችው?»

እርሳሱን ፈልጌ ሰጠኋት።