የፈንታ ቀያይ ሙሽሮች

ፈንታ ከወሎ ወደ መልካ ወረር የወረደው ለአንድ ወር የጥጥ ለቀማ ነበር፤ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሞላው። ጥጡን ትቶ የዓሣ ኩሬ ጠባቂ ከሆነ ወዲህ ስለ ዓሣ ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም። በተለይ ስለ ቀያዮቹ። ዘረ መላቸው በላብራቶሪ ተለውጦ ቶሎ እንዲያድጉ የተደረጉ ቆሮሶ ዓሦች ናቸው። «ልጆቼ» ይላቸዋል፤ ሰው ቢስቅበትም ግድ የለውም።

ዘንድሮ ግን ጭንቅ መጣ። በክረምት አዋሽ ሞልቶ ኩሬውን ቢጥሰውስ? ቀያዮቹ ወንዝ ገብተው ከወንዙ ዓሦች ጋር ቢዋለዱስ? ይህን ለማወቅ የዓሣ ተመራማሪዋ ዶክተር ሙኒያ ከሰመራ መጣች። በአንድ ኩሬ ሃያ ቀይ ወንድ፣ ሃያ ጥቁር የአዋሽ ወንድና አርባ የአዋሽ ሴት ጨመረች። የቀይ ልጅ ቀይ ነጠብጣብ ይዞ ስለሚወለድ አባቱ አይሰወርም። ቀያዮቹ ከቀናቸው ኩሬዎቹ በአፈር ይደፈናሉ፤ ፈንታም ወደ ጥጡ ይመለሳል።

እንጀራው እንዲቀጥል ልጆቹ ሚስት ማጣት አለባቸው። እንዲህ ብሎ የሚጸልይ አባት የት ይገኛል?

ከሁለት ወር በኋላ ጫጩቶቹ ሲቆጠሩ ነጠብጣብ ያላቸው ከመቶ ሦስት ብቻ ሆኑ። ፈንታ በደስታ ዘለለ። ዘሎ ሳይጨርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና ፊቱ ጠቆረ። ጠዋት ጠዋት መኖ ሲያመጣ ቆርቆሮ ይመታል። ጥቁሮቹ ወንዶች የቆፈሩትን ጎጆ እየጠበቁ ንቅንቅ አይሉም፤ ቀያዮቹ ጎጆውንም ሴቷንም ጥለው ወደ ቆርቆሮው ይሮጣሉ። ወንዝ ውስጥ ማን ቆርቆሮ ይመታላቸዋል?

ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ውሎ በማግስቱ ወደ ሙኒያ ሄደ።

«ዶክተር፣ ሥራሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ ሁሉንም ነገራት።

ሙኒያ የቆጠራውን ወረቀት አጠፈች። «ወላሂ ጋሽ ፈንታ፣ ባትነግረኝ ኖሮ ውሸት ይዤ ሰመራ እገባ ነበር።»

ቆርቆሮ ሰምተው የማያውቁ ቀያዮች ከሌላ ቦታ አስመጥታ እንደገና ጀመረች። መኖው ያለ ድምፅ፣ ያለ ሰዓት ይበተን ጀመር። ፈንታ ምግብ አልበላ አለው። ቀያዮቹ ጎጆ ቆፈሩ፤ ከሴትም ኋላ ሮጡ። ነገር ግን የሰውም፣ የወፍም፣ የደመናም ጥላ ውሃው ላይ ባረፈ ቁጥር መኖ መጣ ብለው ሁሉንም ትተው አፋቸውን ከፍተው ብቅ ይላሉ። ጥላ ደግሞ ወንዝ ላይም አይጠፋም። ሰው ለካስ ዓሣንም ያሰንፋል።

ሁለተኛው ቆጠራ ከመቶ አራት ሆነ።

«አልሀምዱሊላህ!» አለች ሙኒያ። «አራቱም ቢሆኑ አራት ናቸው፤ ክረምት ሳይገባ የኩሬው ግድብ ከፍ ይበል፣ መረብ ይዘርጋ። ኩሬው ግን አይደፈንም።»

ፈንታ ሳቀም፣ አለቀሰም። ከዚያ ኩሬው ዳር ተቀመጠ። ቀያዮቹ ጥላውን አይተው ተግተልትለው መጡ።

«ዘንድሮም አብረን ነን» አላቸው። «የሚስትን ነገር ግን እርሱት።»