አጨዳው እስኪያልቅ

የያዙኝ በወረታ ገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። መምህር ነበርኩ። ገበሬዎች መሬታቸው ከተለካ በኋላ ምን ግብር እንደሚከተል ጠይቀውኝ የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ጥፋቴ ይኸው ነበር።

ክረምት ነው። የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት፣ ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሆነው ሲያዩት ጣና ከተማው ድረስ የመጣ ይመስላል። ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ እርጥብ፣ መስኮቱ መዳፍ የሚያህል ነው። ጥግ ላይ አንድ የላምባ ጣኒካ ተቀምጧል። ሁላችንም የምንሸናው እሱ ላይ ነበር።

ከነበርነው መካከል ሁለቱን ሰዎች አልረሳቸውም። አንዱ የይፋግ ገበሬ፣ ሽማግሌ ናቸው። ቀያሾች የተከሉት ችካል ተነቅሎ ስለተገኘ፣ የነቀሉትን ሰዎች ያውቃሉ ተብለው ተይዘዋል። ሌላው አቡጀዲና ጨው የሚሸጥ የወረታ እስላም ነጋዴ ነው። ገበሬዎቹ የመከሩት በሱ ሱቅ ጓዳ ነው ተብሎ ታሰረ።

ሽማግሌው ወደ ጣኒካው ሲሄዱ ብዙ ይቆያሉ። ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማና ይቋረጣል። ሲመለሱ ግንባራቸው ላብ ነው። ውሃ እንኳ መጠጣት ትተው ነበር። ምን ሆነው እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ እርጅና ነው ብለው ዘጉኝ።

ኋላ ግን አንድ ቀን ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ሌላው እንዳይሰማ ቀስ ብለው አጫወቱኝ። ሽንቱ ማስቸገር ከጀመራቸው ቆይቷል። መጀመሪያ ከመኝታቸው ደጋግሞ ያስነሳቸው ነበር። ሚስታቸው ጎንደር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ብትላቸው፣ አጨዳው ይለቅ አሏት። አጨዳው ሲያልቅ ውቂያ መጣ፤ ከውቂያ በኋላ ጣራ ገዳም ወጥተው ጠበል ተጠመቁ። ጥቂት ቀለል ሲላቸው ዳንኩ ብለው ተዉት። እውነቱን ለመናገር ግን፣ አሉኝ፣ ልጄን ለሚያህል ሐኪም ሱሪ ፈትቶ ማሳየቱ ነው የከበደኝ።

“ደም የቀላቀለ ለታ ፈራሁ” አሉ። “በማግስቱ ልሄድ በቅሎ ለምኜ ነበር። በማግስቱ ፖሊስ መጣ።”

አንድ ጠዋት ጭራሽ እምቢ አላቸው። ጣኒካው ላይ ቆመው ቆመው ተመለሱ፤ ደግመው ሄዱ። ሆዳቸው ከእምብርታቸው በታች ተወጥሯል። ነጋዴው ተነሣና ጋቢውን አውልቆ አንዱን ጫፍ አቀበለኝ። ገባኝ። ጀርባችንን ሰጥተን ጋቢውን ከኋላችን ወጥረን ቆምን። የቀሩት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አንዱ ስለ በሬዎቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት ጀመረ፤ ሌላው እየተቀበለ ያስረዝምለታል። ክንዴ እስኪዝል ቆየን።

ከጋቢው ወዲያ ሽማግሌው፣ “ድካማችሁን ከንቱ አስቀረሁት፤ አይዟችሁ፣ አውርዱት” አሉ።

በሩን ደበደብኩ። የጣቢያው አዛዥ መጥቶ አያቸው። ችካሉን የነቀሉትን ሰዎች ስም ከተናገሩ ዛሬውኑ መኪና ላይ እንደሚያሳፍራቸው፣ ካልተናገሩ ግን እዚያው ሆነው የሚያስቡበት ጊዜ እንዳላቸው ነገራቸው። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

“ሐኪም ዘንድ የምሄደው የሰው ልጅ አስይዤ ከሆነ ይቅርብኝ” አሉት።

አዛዡ በሩን ዘግቶ ሄደ። እስከ ቀትር ድረስ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሲያማቸው ጣቶቼን ይጨምቃሉ እንጂ ድምፅ አያሰሙም። ነጋዴው ዘበኛውን ለምኖ ለምኖ የከተማውን ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱን፣ አስመጣ። ድሬሰሩ ሆዳቸውን ዳስሶ ወጣና አዛዡን፣ ይኼ ሽንት ዛሬ ካልወጣ ሰውየው አይተርፉም ሲለው ሰማሁ። የይፋግ ሰው ሽማግሌው በእጁ እንደሞቱ ቢሰማ ምን እንደሚመጣ አዛዡ ሳያስበው አልቀረም፤ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና አስቆመ።

ቃሬዛ አመጡላቸው፤ አልወጣበትም አሉ። ነጋዴው ጋቢውን ደረበላቸው። መቀነታቸውን አጥብቀው ማሰር አልሆነላቸውም፤ በአንድ እጃቸው ያዙት። በሩ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ እኔ ያፈርኩት በከንቱ ነው። አንተ እንዳታፍር።”

ከዚያ በቀረው እጃቸው ግድግዳውን እየያዙ፣ በእግራቸው ወጡ።

ጎንደር ደርሰው ሽንቱ ወጥቶላቸዋል። ኩላሊታቸው ግን አስቀድሞ ተጎድቶ ኖሮ ብዙም አልቆዩም። ይህን የነገረችን ሚስታቸው ናት። ከቀብሩ በኋላ፣ እንደ ልማዷ ምግብ በአገልግል ይዛ፣ ጭቃውን አቋርጣ ከይፋግ መጣች። ነጋዴው እያለቀሰ፣ ለምን ደከምሽ እናቴ አላት።

“ቀኑ ሲደርስ እጄ ሠራው” አለች። “ማን ይብላው ታዲያ?”

በላን። እሷ እስክንጨርስ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን።

አሁን እኔም ሽማግሌው በዚያን ጊዜ የነበሩበት ዕድሜ ላይ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሽንት ሲያመነታብኝ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እኔን የሚያህሉ ወንዶች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ወለል ወለሉን ያያል። አጠገቤ ያሉትን ሰው ሰላም ብዬ፣ “እኔ ሽንት እየከለከለኝ ነው የመጣሁት፤ እርስዎስ?” አልኳቸው፣ ሌላውም በሚሰማው ድምፅ።

ሰውየው ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ “ደም አይቻለሁ” አሉኝ። “ለሰው ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።”

ተራዬን ሰጠኋቸው።