በአስተርጓሚ አፍ የተናዘዘው ከንቲባ

ክልሉ በተቋቋመ በሦስተኛው ዓመት፣ በሰኔ ወር፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው የራሱ ባልሆነ ቃል ተከሶ ከሥራው ተባረረ። እሱ የተናገረው እኔ ያልኩትን ነበር፤ እኔ ያልኩት ደግሞ ፊልም ውስጥ ያለ ከንቲባ የተናገረውን ነበር። ይህን በጊዜው በቃሌ አስረድቻለሁ። አሁን በጽሑፍ አሰፍረዋለሁ።

ሰውየው የአንድ ቢሮ አስተርጓሚ ነበር። በዚያ ዘመን ስብሰባው በአማርኛ ይመራና ንግግሩ እየተቆረጠ ወደ አኙዋክኛ ይመለስ ነበር። አስተርጓሚ «እንዲህ ብለዋል» አይልም፤ በተናጋሪው ቦታ ቆሞ «እኔ» ይላል። የቢሮው ኃላፊ «መንገዱን አሠራላችኋለሁ» ሲሉ እሱም «መንገዱን አሠራላችኋለሁ» ይላል። ስለዚህ አማርኛ ለማይሰማው ሰው የኃላፊው ድምፅ ማለት የእሱ ድምፅ ነበር። ኃላፊው ራሳቸው ከአጠገቡ ቆመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

ቢሮው ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ማጫወቻ ገዝቶ ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ ፊልም ማሳየት ጀምሮ ነበር። እኔ በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን አንድ የእንግሊዝኛ ፊልም ካሴት ተዋሱኝ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እኔ እንድመልስ፣ አማርኛዬን ወደ አኙዋክኛ እሱ እንዲያዞር ተስማማን። ፊልሙ የሆስፒታል ገንዘብ ስለሚበላ ከንቲባና ስለሚያገለግለው ሐኪም ነው። ሐኪሙ በሽተኞችን በመርፌ እያደነዘዘ የከንቲባውን ድምፅ በቴፕ ያሰማቸዋል። ሲነቁ የሰሙትን የገዛ ሐሳባቸው አድርገው ይይዙታል፤ ፍርድ ቤት ቀርበውም በንጹሕ ሰው ላይ ይመሰክራሉ።

ታሪኩን አስቀድሜ ለኃላፊው ነግሬያቸዋለሁ። የውጭ አገር ጉዳይ ነው፣ ሕዝቡ ይማርበት ብለው ከፊተኛው ወንበር ተቀመጡ።

የጄኔሬተሩ ጩኸት አላሰማ ስላለ ለአስተርጓሚው በስብሰባ የሚይዘውን ማይክሮፎን አመጡለት። ከንቲባው ለሚስቱ የሚናዘዝበት ቦታ ስንደርስ «የሆስፒታሉን ገንዘብ የበላሁት እኔ ነኝ» አልኩ። እሱም በዚያው ማይክሮፎን፣ ሕዝቡ በለመደው በዚያው ረጋ ያለ ድምፅ በአኙዋክኛ ደገመው። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቁ በየወንበሩ እየተሻገረ ወደ ፊት መጣ። ቴሌቪዥኑን የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው የኃላፊውን ማጅራት ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በአኙዋክኛ አንድ ነገር ጠየቁ። የሕዝብን ጥያቄ ለኃላፊው ማድረስ የአስተርጓሚው የዘወትር ሥራ ነበርና፣ ከልማዱ የተነሣ ዞሮ በአማርኛ አደረሰላቸው።

«እንግዲያው ገንዘቡን መቼ ነው የሚመልሱልን? ይላሉ።»

ኃላፊው ጄኔሬተሩ እንዲጠፋ አዘዙ።

ሰኞ አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀረብን። ክሱ ሕዝብን በአመራር ላይ ማነሣሣት ነው፤ ተከሳሹ እሱ ብቻ። እኔን የተማረች እያሉ ወንበር አቀረቡልኝ፤ እሱ ቆመ። ቃሉ የእኔ እንደሆነ፣ የእኔም ከፊልሙ እንደተወሰደ አስረዳሁ። ካሴቱ ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነበርና እዚያው እንዲጫወት ጠየቅሁ። ሰብሳቢው ፈገግ አሉ።

«እህቴ፣ እንግሊዝኛውን የሚሰማ ከመካከላችን ማን አለ? ቢከፈትስ የምትነግሪን ያው አንቺ አይደለሽም?»

ሌሎቹ ሳቁ። እንግሊዝኛ የሚሰማ ሐኪም ከጤና ጣቢያው ይጠራ አልኩ። እናስብበታለን ተባለ። አስተርጓሚው በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበተ።

ትምህርት ቤት ካስተማሩኝ ነገሮች ሁሉ ያኔ የሚጠቅም አንድም አጣሁ። ማመልከቻዬን ይዤ ከበላይ ወደ በላይ ሄድኩ፤ የተቀበሉኝ ሁሉ በአክብሮት አስቀምጠው በአክብሮት ሸኙኝ። እሱ ወንድሙ በቆሎ ወደሚያርስበት ወደ አቦቦ ወረዳ ሊሄድ ሲል ባሮ ወንዝ ዳር ተገናኘን። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አይተውት በአኙዋክኛ ተጣሩ። ምን እንዳሉት ጠየቅሁት። ኃላፊው ወዴት ነው የሚሄዱት እያሉ እየቀለዱብኝ ነው አለኝ። እሱ አልሳቀም።

«እህቴ፣ መንገዱን አሠራላችኋለሁ ሲሉም ያሉትን ነው ያልኩት። መንገዱ አልተሠራም። ያኔ ማንም አልከሰሰኝም።»

 

ከዚያ ወዲህ በቢሮው ስብሰባ ላይ የተተካው አስተርጓሚ «እኔ» ማለት ተከልክሏል፤ በየንግግሩ መጀመሪያ «ኃላፊው እንዲህ ብለዋል» እንዲል ታዟል። ትእዛዙን ሲፈጽም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ሳቁ ከምን እንደመጣ ቢሮው አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው። የተባረረውን ሰው ግን ቢሮው ወደ ሥራው አልጠራውም። ካሴቴንም አልመለሰልኝም።

የቢሮው ሰዎች፣ ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የምትሰጡኝንም መልስ አውቀዋለሁ። የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ ከውሳኔው በፊት ያንን ካሴት ከፍቶ ያየ የኮሚቴ አባል አለ? ካለ፣ የከንቲባውን ቃል ወደ አማርኛ የመለሰለት ማን ነበር? ያንን የመለሰለትን ሰው በስሙ ጥሩልኝ።