ጋሽ ወልዴ ያልፈረዱት ፊልም

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ያ የምትወደው ፊልም ክፍል ሁለት ወጣለት» አለችኝ። ደነገጥኩ። የፊልሙን ስም እዚህ አልጠራም፤ ለሠሪዎቹ ማስታወቂያ መሆን አልፈልግም። ደብረ ብርሃን ያደግን ልጆች «የጣርማ በሩ» ነበር የምንለው። ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተችልኝ። ገና ሻዬ ሳይበርድ እኔ በንዴት ተቃጠልኩ።

የመጀመሪያውን ያየነው በካሴት ዘመን፣ ጋሽ ወልዴ ቪዲዮ ቤት ነው። ጋሽ ወልዴ ጡረታ የወጡ የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። የሳሎናቸውን መስኮት በጨርቅ ጋርደው፣ አግዳሚ ወንበር ደርድረው ቅዳሜ ከሰዓት ያሳዩናል። የአገሬ ብርድ ቀልድ አያውቅምና ጋቢ ተከናንበን፣ ትኩስ የባቄላ ቆሎ በኪሳችን ሞልተን እንገባለን። ሁሉም እያኘከ ተዋናዮቹ ሲያንሾካሽኩ አይሰማም፤ ግን ንግግሩን በቃላችን ስለምናውቀው ማንም አይከፋም።

የፊልሙ መጨረሻ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጣርማ በር፣ የመኪናው መንገድ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ፣ ጉም ውስጥ ቆሞ ወጥታ የቀረችበትን ሚስቱን ይጠብቃል። አውቶቡስ ከዋሻው ይወጣል፣ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል። ከዚያ ጉም ብቻ። አለቀ። ወረደች? አልወረደችም?

ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ጋሽ ወልዴ ወንበራቸውን ወደ መሐል ይስባሉ፣ ችሎት ይሰየማል። ተሟጋቾቹ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ እንደ ድሮ ሰዎች «በላ ልበልሃ!» እየተባባሉ ይፋጠጣሉ። አህያ እንኳ የሌለው ሁሉ በበቅሎ ይወራረዳል።

«ወርዳለች» የሚለውን ወገን ሁልጊዜ የሚይዘው መሐመድ ነበር። የአሊዩ አምባ ልጅ ነው፤ ለትምህርት መጥቶ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቤተሰብ ጠይቆ ሲመለስ እናቱ ያስያዙትን ሎሚ ተሸክሞ ዳገቱን እስከ አንኮበር በእግሩ ይወጣል፤ ከዚያ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ይመጣል። ክፍላችን ለሳምንት ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጦር ሜዳ ሄዶ ወሬው ከጠፋ ሰንብቷል።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ መሐመድ ከአገሩ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። አጎቶቹ «ልጁ ሞቷል፤ ሰደቃ አድርገን እርማችንን እናውጣ» ብለዋል። እሱና እናቱ እምቢ ብለዋል። ቪዲዮ ቤት ገብተን ቆሎ ብሰጠው አልነካም። ፊልሙ ሲያልቅ ብድግ አለ።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ዛሬ ይፈረድልኝ! ወላሂ ሰለቸኝ። ወርዳለች ወይስ አልወረደችም?»

የዚያን ዕለት «አልወረደችም» ብዬ የምሟገተው እኔ ነበርኩ። ያደገደግኩትን ጋቢ ፈታሁት። ጋሽ ወልዴ መሐመድን ትክ ብለው አዩት። ለካ የአጎቶቹን ነገር ሰምተው ኖሯል።

«ስማኝ ልጄ» አሉት፤ «ዳኛ ማስረጃ ያላየበትን አይፈርድም። እኛ ያየነው በሩ ሲከፈት ነው። ቀጠሮ ለሚመጣው ቅዳሜ!»

«ቅዳሜስ ባይታወቅ፣ ጋሼ?»

«ቅዳሜም እንቀጥራለና! ምን አስቸኮለህ?»

መሐመድ ሳቀ። እጁን ኪሴ ውስጥ ከቶም ቆሎ ዘገነ። ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደ ተቀጠረልን አላስታውስም። ጋሽ ወልዴ ሳይፈርዱ አረፉ፤ የመሐመድ ወንድምም እስከ ዛሬ ወሬው የለም።

እንግዲህ ይህ ክፍል ሁለት የሚሉት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ገና ሲጀምር ያንኑ አውቶቡስ ያመጣዋል። ጉሙ ይገፈፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ረዳቱ ይወርድና «ሴትዮዋ መንገድ ላይ ሞታለች» ይላል። በቃ! ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ባልየው አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሀብታም ሆኖ፣ በመስታወት ሕንፃ ውስጥ ጸሐፊውን ሲያሽኮረምም ነው። ማን ጠየቃችሁ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! መሥራት ካማራችሁ ሌላ ፊልም አትሠሩም? ጉሙ ጉድለት መስሏቸው ሊያሟሉልን ነው መሰለኝ፤ እኛ ግን ያን ሁሉ ቅዳሜ የኖርነው እሱ ውስጥ ነበር።

ተናድጄ ቴሌቪዥኑን ሳጠፋ ስልኬ ጮኸ። መሐመድ ነው። አሁን አሊዩ አምባ ሱቅ ከፍቶ ልጆች አሳድጓል።

«ተሾመ፣ ክፍል ሁለት ወጣ አሉኝ። እዚህ ኔትወርኩ አላሳይ አለኝ። አየኸው?»

«አየሁት።»

ሽበት የወረረው ሰው ድምፁ የዚያ የኅዳር ቅዳሜ ልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

«ወረደች?»

ልጄ አፍ አፌን ታየኛለች።

«ተቀጠረ» አልኩት።

«ለመቼ?»

«ለሚመጣው ቅዳሜ።»

ከት ብሎ ሳቀ። «አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው ምን አስቸኮለኝ» አለና ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው አወራን።

ስልኩን ስዘጋ ልጄ «አባዬ፣ ለምን ትዋሸዋለህ? ሞታ የለ እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ለእነዚያ ፊልም ሠሪዎች ካሜራ እንጂ ዳኝነት የሰጣቸው የለም። አልዋሸሁትም፤ ይግባኝ ብያለሁ። ይግባኝ እያለ ደግሞ ፍርድ አይጸናም።